የዶላር ድርቁ ከየት መጣ?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉ ሱቆች ጥያቄው አንድ ነው፤ 57 ብር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር እንዴት አለፈ? የኢኮኖሚ ባለሙያዎችም አልተስማሙበትም።

የሰሜኑ ጦርነት፣ ኮቪድና በ2014 ዓ.ም. አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል መታገዳችን በየመግለጫው ይደረደራሉ። ጉዳታቸው አይካድም። ነገር ግን ብር በጥቅምት 2010 በ15 በመቶ ሲወርድ አንዳቸውም አልነበሩም።

ሌሎች የውጭ ዕዳውን ይወቅሳሉ። ባቡሩና ስኳር ፋብሪካዎቹ የተሠሩት በዶላር ብድር ነው፤ ገቢያቸው ግን በአብዛኛው በብር ነው። በ2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የሸጠች አገር በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። መንግሥት አበዳሪዎችን በእኩል ዓይን ለማየት ነው አለ። ያሳምን አያሳምን ለአንባቢ ልተወው።

እኔን የሚገርመኝ ግን በኪሳራ የመላክ ንግድ ነው። የይፋት ቆላ ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያ የገባ የወጪ ንግድ ሰብል ነው። እንበልና ባንኩ ዶላሩን በ30፣ ጥቁር ገበያው በ40 ብር ይመነዝራል። ላኪው በ3,300 ብር የገዛውን ማሾ ውጭ በ100 ዶላር ይሸጣል፤ በባንክ ሒሳብ 300 ብር ከሰረ። በዚያው ዶላር ያስገባውን ዕቃ ግን መርካቶ ላይ በ4,000 ብር ሒሳብ ያራግፋል፤ ኪሳራውን ችሎ 700 ብር ይተርፈዋል። ቡናና ሰሊጥም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ማሾ አምራቹ የይፋቱ የቀወት ገበሬ እንኳን ሊጎዳ፣ ከዓለም ዋጋ በላይ ሊሸጥ ይችላል። ሒሳቡን የሚከፍለው ቆርቆሮና ሳሙና የሚገዛው ሰው ነው። በ2014 ዓ.ም. ላኪዎች ካገኙት የውጭ ምንዛሪ 20 በመቶውን ብቻ እንዲይዙ ሲታዘዙ ይህ ስሌት ጠበበ። የአይኤምኤፍ ሰዎች የታመመው የምንዛሪ ተመኑ ነው ሲሉ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የላቸውም።

ሆኖም እንደ ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ገዳ ያሉ ኢኮኖሚስቶች ችግሩ ከዋጋው ይልቅ ምርቱ ነው ይላሉ። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጣ፤ ከዚያም ብር ደጋግሞ ወረደ፤ የወጪ ንግዳችን ግን እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ቡና ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ዶላር ስለተወደደ የሸዋ ሮቢት የመስኖ መሬት አይሰፋም፤ ማዳበሪያና ናፍጣ ግን በአዲሱ ምንዛሪ ነው የሚገቡት። የሐምሌው ውሳኔ በኪሳራ የመላኩን ጥቅም ሊያሳጣ ይችላል፤ ያውም ባንኩና ጥቁር ገበያው እስከተቀራረቡ ድረስ።