ዋልያ፦ በአንድ ተራራ ብቻ የሚኖር የዱር ፍየል

ውድ ወላጆቻችንና የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፦

እኛ በፔታሕ ቲክቫ ተወልደን ያደግን ተማሪዎች «ዋልያ» የሚለውን ስም በመጀመሪያ የሰማነው ከእግር ኳስ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን «ዋልያዎቹ» ይባላል። እንስሳውን ግን አናውቀውም ነበር። ስለዚህ በቅርስ ትምህርት ክፍላችን ስለ እሱ አጥንተን ይህን ጽፈናል።

ዋልያ ጠጉሩ ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ የዱር ፍየል ነው። ወንዱ ጺም አለው፤ ወደ ኋላ የታጠፈው ቀንዱም ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የሴቷ ቀንድ ያነሰና የቀጠነ ነው። በክፍል ጉዞ በዓይንጋዲ ገደል ላይ ያየነው «ያዔል» የቅርብ ዘመዱ ነው። ያዔል ግን በእስራኤል፣ በዮርዳኖስ፣ በግብፅና በሌሎችም አገሮች ይገኛል። ዋልያ በዱር የሚኖረው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው።

ዋልያ ኑሮው በብርዳማ ገደል ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ሣርና ቁጥቋጦ እየበላ ይኖራል። በዙሪያው ያለው ቆላና እርሻ ስለማይስማማው፣ ተራራው ባሕር እንደከበበው ደሴት ሆኖበታል። ከዚያ ከጠፋ የሚሸሸግበት ሌላ ቦታ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አደን ስለበዛበት የቀረው 150 ያህል ብቻ ነበር። በ1969 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጥበቃው ፍሬ አፍርቶ በ2010ዎቹ አጋማሽ የዋልያ ቁጥር ከ800 በላይ ደረሰ። ከ2020 ወዲህ ግን በአካባቢው ጦርነት ተነሥቶ ጥበቃው ላላ፤ አደኑም ተመለሰ። አሁን የቀረው 300 ገደማ እንደሆነ ይነገራል። በግጦሹም ከብቱና በጉ ይሻሙታል።

ሆኖም ተስፋ አንቆርጥም። ያዔልም በእስራኤል በአደን ተመናምኖ ነበር፤ በ1955 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ከወጣ በኋላ ግን እንደገና በዛ። ዛሬ በዓይንጋዲ ሰው ሳይፈራ ሲሄድ እናየዋለን።

ስሜን አያቶቻችን ለብዙ ዘመን የኖሩበት አገር ነው። ከእናንተ መካከል በልጅነታችሁ ከብት ስትጠብቁ ዋልያን በዓይናችሁ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ቁጥሩን ከመጽሐፍ አገኘን። ገደሉን እንዴት እንደሚወጣ፣ ሽማግሌዎች ስለ እሱ ምን ይሉ እንደነበር ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እባካችሁ ንገሩን፤ እኛም እንጽፈዋለን።