ከቤት ቆሻሻ የሚሰበሰብ ቁርጥራጭ ብረታ ብረትና የጤና ጠንቁ

ከየቤቱ የሚወጣ አሮጌ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ድስት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ያገለገለ የመኪና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ መጣያ አይደርስም። «ቆራሌው» እያሉ በየመንደሩ የሚዞሩ ገዢዎች ይሰበስቡታል፤ በአዲስ አበባ መርካቶ እንደ ምናለሽ ተራ ባሉ ስፍራዎች እየተለየ ይሸጣል። ከፊሉ በእጅ ባለሙያዎች ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃና ሌላ የቤት ዕቃ ሲሆን የቀረው ይቀልጣል። ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አሉሚኒየምን ከአሮጌ ዕቃ መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ለማምረት ከሚያስፈልገው ኃይል 95 በመቶ ያህሉን ያተርፋል፤ ሥራው የብዙ ቤተሰቦች መተዳደሪያም ነው። ስለዚህ ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው ሥራውን ማውገዝ ሳይሆን ጉዳት የሚያስከትለውን የሥራ ደረጃ ለይቶ ማወቅ ነው።

የጉዳቱ መንገዶች

በመሰብሰብና በመለየት ጊዜ የሚያጋጥመው በአብዛኛው መቆረጥና መወጋት ሲሆን፣ የተበከለ ቁስል ለመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ያጋልጣል። መዳብ ለማውጣት የሽቦ ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳዮክሲንን የመሰሉ መርዛማ ውሕዶች ከጭሱ ጋር ይወጣሉ።

ከሁሉ የከፋው ባትሪ ሰብሮ ሊድ (እርሳስ) ማቅለጥ ነው። ብረት የሚቀልጠው ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ ሊድ ግን በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የጓሮ ከሰል እሳት ይበቃዋል። ጭሱና ብናኙም በአፈር፣ በልብስና በእጅ ላይ አርፎ ወደ ቤተሰቡ ይገባል።

ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው ሊድ ከአዋቂዎች ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚበልጠውን መጠን ወደ ደማቸው ያስገባሉ፤ የብረትና የካልሲየም እጥረት ይህን ያባብሰዋል። በአጥንት የተከማቸ ሊድ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ተመልሶ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል።

በሴኔጋል፣ በዳካር አቅራቢያ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ድረስ 18 ሕፃናት በአንጎል ሕመም ሞተዋል። ምክንያቱ በመጀመሪያ አልታወቀም ነበር። በኋላ በተደረገው ምርመራ ምንጩ የባትሪ ሊድ መሆኑ ተደረሰበት፤ ነዋሪዎች በሊድ የተበከለውን አፈር እየነፉ ለሽያጭ ያዘጋጁ ነበር።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የሊድ መመረዝ የራሱ የሆነ ግልጽ ምልክት የለውም። የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ የዕድገት መዘግየት ወይም የሚጥል ሕመም ሆኖ ሊቀርብ ስለሚችል በሌላ በሽታ ስም ይታከማል። የደም ሊድ ምርመራ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ዋናው መሣሪያ ጥያቄ ነው፦ በቤቱ ወይም በአካባቢው ባትሪ የሚሰብር፣ ሽቦ የሚያቃጥል፣ ብረታ ብረት የሚያቀልጥ አለን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በደም ውስጥ ያለው ሊድ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት። ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች 45 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ሊድን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት ይታዘዛል። ይሁን እንጂ ታክሞ ወደዚያው ግቢ የሚመለስ ሕፃን እንደገና ይመረዛል።

ለቤተሰቡ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ባትሪ ሳይከፈት ይሸጥ፤ ማቅለጥና ማቃጠል ከመኖሪያ ግቢ ይራቅ፤ ሠራተኛው ልብሱን ለውጦና ታጥቦ ወደ ቤት ይግባ፤ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። የቆሰለ ሰውም ቁስሉ በሚገባ ታጥቦ የቴታነስ ክትባት ታሪኩ ይጣራ።