ሰኞ ሰኞ የሚያመው ልጅ

ምዕራብ ጎጃም ገጠር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ይወጣል። ከቡሬ ዙሪያ ወይም ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ተነስቶ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ይገባል፤ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ሄዶ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ብዙ ሐኪምና መሐንዲስ ወጥቷል። በዚሁ መንገድ ላይ ሳይታዩ የቀሩ ልጆችም አሉ።

እስቲ አንዱን በምናብ እንከተለው። ዕድሜው 16 ነው። ሲያነብ ፊደል ይምታታበታል፤ ስምንተኛን ያለፈው በመከራ ነው። እሑድ ከሰዓት እናቱ እንጀራውን በአገልግል፣ በሶውን በጨርቅ ቋጥራ ስታዘጋጅ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ሆዱን ይዟል። «እማ፣ ሆዴን ቆረጠኝ።» «ትናንት ደኅና አልነበርክም እንዴ፣ ልጄ?» እሑድ ሳይሄድ ያድራል፤ ሰኞ ንጋት ላይ ያስመልሰዋል። ወደ ከተማ የሚወስደው መኪና ካለፈ በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ከብቶቹን ነድቶ ይወጣል፤ ሕመሙም የለም። አባት «አስመስሎ ነው» ይላል። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ውሰዱት» ይላል። አጎት ደግሞ «ጭንቅላቱ ትምህርት አይቀበልም፤ ተዉት፣ እርሻውን ይያዝ» ብሎ ይፈርዳል።

ሳይንስ ለዚህ ልጅ አራተኛ ፍርድ አለው።

መጀመሪያ ሆዱ። ፍርሃት ሲመጣ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሰውነትን ለአደጋ ያነቃል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል ደም ውስጥ ይለቀቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ የአንጀት እንቅስቃሴ ይዛባል። ቁርጠቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ ከዚህ ይመጣሉ። ልጁ አልዋሸም፤ አሞታል። ያሳመመው ግን የበላው ነገር ሳይሆን የሚጠብቀው ቀን ነው። (በእኛ አገር ጃርዲያና ወስፋትም ስላሉ የሰገራ ምርመራ መቅደም አለበት። ጃርዲያ ግን ቅዳሜን ከሰኞ አይለይም።)

ይህን ዓይነት ልጅ ከሚፎርፍ ልጅ ለይተው መጻፍ የጀመሩት ቆየት ያሉ ሐኪሞች ናቸው፤ ብሮድዊን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው ጽሑፍ ከቀዳሚዎቹ ይቆጠራል። የሚፎርፈው ልጅ ከወላጅ ይደበቃል፤ ሲቀርም አይጨነቅም። ይኼኛው ግን ቤቱ ነው፤ ወላጆቹ ያውቃሉ፤ ደብተሩን እያየ ያለቅሳል፤ መሄድ ይፈልጋል፣ አልቻለም። ከጊዜ በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሪስቶፈር ኪርኒ ጥያቄውን ጠቃሚ በሆነ መንገድ ገለበጠው። ልጁ ምን ነካው ከማለት ይልቅ መቅረቱ ምን እንደሚያስገኝለት ጠየቀ። ክፍሉ የሚፈጥርበትን ጭንቀት ያስቀርለታል? ሰው ፊት ከመዋረድና ከፈተና ያድነዋል? ከእናቱ እንዳይለይ ያደርገዋል? ወይስ ቤት ውስጥ የተሻለ ነገር አለ? ለእያንዳንዱ መልስ መፍትሔው ይለያያል።

የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች ለዚህ ነገር ይበልጥ ይጋለጣሉ። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 16 የሆኑ ተማሪዎችን ለ20 የትምህርት ቀናት ተከታትሎ ነበር። ኦቲዝም ካለባቸው መካከል 43 በመቶ የሚጠጉት ትምህርት ቤት የመሸሽ ጠባይ አሳይተዋል፤ ከሌሎቹ ተማሪዎች መካከል 7 በመቶ ገደማ ብቻ። ምክንያቱን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጩኸት ለሚያመው ልጅ የተጨናነቀ ክፍል ስቃይ ነው። ፊደል የሚምታታበትን ልጅ ተነስተህ አንብብ ማለት በየቀኑ ማዋረድ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሰው ፊት እንዳይወድቅ ሲሰጋ ይውላል፤ ለሕክምናው በሰፊው የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ደግሞ ያፈዛል። የጆሮ መግል በወቅቱ ካልታከመ የመስማት አቅም ይቀንሳል፤ ኋላ ወንበር የተቀመጠው «ደደብ» የመምህሩን ድምፅ ጨርሶ ሳይሰማው ቀርቶ ይሆናል። እንቅርት በሚበዛባቸው ደጋዎቻችን የአዮዲን እጥረት ልጅ ገና ሳይወለድ አንጎሉንና ጆሮውን ሊጎዳ ይችላል፤ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ያውም እናት በሌለችበት የኪራይ ቤት እያደረ።

መሸሽ ደግሞ ራሱን ያጠናክራል። ልጁ በቀረ ቁጥር ጭንቀቱ ወዲያው ይረግባል፤ አንጎሉም መቅረት እንደሚያድነው ይማራል። በሚቀጥለው ሳምንት ፍርሃቱ ይብሳል፤ ያመለጠው ትምህርትም ይከመርበታል። ይህ በየትኛውም አገር አንድ ነው። የጎጃሙ ልዩነት ልጁ የሚሸሽበት ቦታ ነው። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሁሉም ያየዋል፣ መንግሥትም ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዘመን 30 ቀንና ከዚያ በላይ የቀሩት የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ340 ሺህ በላይ ነበሩ። እኛ ዘንድ ልጁ የሚሸሸው ወደ ከብቶቹ ነው። ሥራው ያስፈልጋል፤ አባቱ ያመሰግነዋል፤ ማታ ጥሩ አድርጎ ይበላል። ፍርሃቱን የሚያጠነክርበት ሽልማት ከዚህ በላይ አይገኝም። መዝገብ ላይ የሚጻፍበት «አቋረጠ» የሚል አንድ ቃል ነው፤ ለምን እንዳቋረጠ የሚጠይቅ የለም።

ታዲያ አርጩሜ? አርጩሜ በፍርሃት ላይ ሌላ ፍርሃት ይጨምራል እንጂ የመጀመሪያውን አያጠፋም። በትምህርት ቤት ሕፃናትን መግረፍ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ተከልክሏል፤ ክልከላው ግን በሁሉም ክፍል በር ላይ የደረሰ አይመስለኝም። ለአእምሮ ይሆናል ተብሎ የሚሰጠው አብሾ የባሰ ነው። አስተናግር ይገባበታል ይባላል፤ አስተናግር ደግሞ ሰውን የሚያቃዥና ሊገድል የሚችል መርዝ ያለበት ተክል ነው። ጠበሉን በተመለከተ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። ቤተሰቡን የሚያጽናና ከሆነ ይሂዱ፤ ሲመለሱ ግን የጆሮና የዓይን ምርመራውም፣ ከመምህሩ ጋር የሚደረገው ንግግርም ይጠብቃቸዋል።

ንግግሩ «ለምን አትሄድም?» ብሎ ባይጀምር ይመረጣል፤ ልጁ ራሱ መልሱን አያውቀውም። ቀኑን በሰዓት በሰዓት ማስተረክ ይሻላል። ከኪራይ ቤቱ ስትወጣ ማን አብሮህ ነው? ሰልፍ ላይስ? የትኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ነው ሆድህን የሚያምህ? በዕረፍት ሰዓት የት ትቆማለህ? ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይቀንሳል። እዚያ ላይ ነው ነገሩ።

ከዚያ መለወጥ ያለበት መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ነው። ጫማው ያቆሰለውን ልጅ ጫማውን ሳንቀይር ቀስ በቀስ ተራመድ ብንለው ቁስሉ ይሰፋል። ፊት ወንበር ይቀመጥ። ጮክ ብሎ እንዳያነብ ከመምህሩ ጋር ስምምነት ይኑር። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው፣ ካስፈለገም በቃል ይጠየቅ። ሲጨንቀው ሳያስፈቅድ ሄዶ የሚቀመጥበት አንድ ቦታና የሚያናግረው አንድ መምህር ይታወቅ። ይህ ሁሉ ብር አያስወጣም።

ወደ ትምህርት ቤት የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ በደረጃ። ተማሪ በሌለበት ከሰዓት ከታላቅ ወንድሙ ጋር ግቢውን ማየት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍለ ጊዜ መቀመጥ፤ ከዚያ የሚወደውን አንድ ትምህርት ብቻ መግባት፤ ከዚያ ሁለት። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ፍርሃቱ ከፍ ብሎ ራሱ እስኪወርድ መቆየት አለበት፤ አንጎል ምንም እንዳልደረሰ የሚማረው በዚያች ቆይታ ነው። አንድ ቀን ወደኋላ ቢመለስ ከቀደመው ደረጃ ይቀጥላል። ቤት የቀረ ቀን ደግሞ በትምህርት ሰዓት ከብት አይጠብቅ፤ ደብተሩን ይዞ ይቀመጥ። ለአባት ከባዱ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በተለይ በአጨዳ ጊዜ። የኪራይ ቤቱ ጓደኞች የሚያሾፉበት ከሆኑ ደግሞ ዘመድ ቤት ማዛወር ብቻውን ግማሹን ችግር ሊፈታ ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ዘዴ ከልክ ላለፈ ፍርሃት እንጂ ለእውነተኛ አደጋ አይሆንም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና አውታሮች ተናግረዋል። ከዚያ ወዲህ መንገድ እየተዘጋ፣ ትምህርት ቤት እየተቋረጠ በኖረበት አካባቢ «መንገዱን እፈራለሁ» የሚል ልጅ የታመመ አይደለም። መንገዱ ሰላም ሳይሆን ልጁን በደረጃ ማለማመድ በሕይወቱ መጫወት ነው።

አገሪቱ በወረቀት ላይ አልዘገየችም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከወረቀቱ በፊት መንገድ የጀመሩም አሉ፤ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት ስታጣ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ጎጃምም ከራሱ የሚማረው አለው። እንደ ዋሸራ ባሉ የቅኔ ቤቶች ተማሪ እንደ ችሎታው ይሄዳል እንጂ እንደ ዕድሜው አይነዳም፤ ካልሆነለት ወደ ሌላ የኔታ ይሻገራል፤ ዓይነ ስውር መሆኑም ሊቅ ከመሆን አላገደውም። ኩርኩሙን አልዘነጋሁትም፤ እሱ ይቅር።

ፍኖተ ሰላም መምህራን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት። ከዚያ የሚወጣ እያንዳንዱ መምህር የማይሰማ ልጅን ከሰነፍ ልጅ፣ የፈራን ከፎረፈ መለየት ካልቻለ ሥልጠናው ጎዶሎ ነው።

እርስዎም ወላጅ ከሆኑ ልጅዎ ሰኞ እየታመመ ቅዳሜ የሚድን መሆኑን ካዩ ወር አይጠብቁ። ጤና ጣቢያ ወስደው ሆዱን፣ ጆሮውንና ዓይኑን ያስመርምሩ፤ በዚያው ሳምንት የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያነጋግሩ። እስከዚያው ከብቶቹን ሌላ ሰው ይጠብቅ።