«የማን ቂያማ ነው?»

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ሰንብቼ ነበር። ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ይህችን ከተማ ብዙ መንገደኛ የሚያውቃት በተጠበሰ ቆሮሶዋ ነው። እኔ ያረፍኩት አክስቴ ቤት ስለሆነ ዓሣውንም ቡናውንም ከቤት ሳልወጣ አገኘሁት።

አንድ ምሽት ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ በዲሹ አንድ የዓረብኛ ጣቢያ ከፈተ። ፈረስ፣ ሰይፍ፣ ድንኳን፣ አቧራ። የድራማው ስም ሲነበብ ልጁም አብሮ ጮኸ፦ «ቂያመት ኤርቱግሩል!» አክስቴ ስኒዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«የማን ቂያማ ነው ልጄ?»

«የኤርቱግሩል ነው እማዬ። ፊልም ነው።»

«ቂያማማ የሁላችንም ነው። ለአንድ ሰው ብቻ እንዴት ይሆናል?»

አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ትንሣኤ ማለቱ ይሆናላ!» አሉ። አክስቴ «እሱማ ያንቺ ነው» ስትላቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወሎ ነውና ነገሩ በዚሁ አለቀ።

እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። አክስቴና ጎረቤቷ ባንድ ጀበና ዙሪያ ተቀምጠው አንዱን ርዕስ ለየራሳቸው ተረጎሙት። ድራማው በዓለም ላይ የገጠመውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ቱርኮቹ ያወጡለት ስም «ዲሪሊሽ፦ ኤርቱግሩል» ነው። ዲሪሊሽ ማለት ዳግም ሕያው መሆን፣ መነሣት ማለት ነው። የቱርክ መንግሥት ጣቢያ ቲ.አር.ቲ. 1 ከ2007 እስከ 2011 ዓ.ም በ5 ምዕራፎች አሳየው። ታሪኩ የኦቶማን ሥርወ መንግሥት መሥራች የሆነው የኦስማን አባት፣ ኤርቱግሩል፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደረገውን ጦርነት የሚተርክ ነው። ስለ ሰውየው በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። የቀረውን ደራሲዎቹ ሞሉት። በቱርክ ቴሌቪዥን እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጁ 150 ክፍሎች ነበሩት። ኔትፍሊክስ ቆራርጦ 448 አደረጋቸውና «ሪዘረክሽን፦ ኤርቱግሩል» ብሎ አቀረበው።

ፓኪስታን ስትደርስ ርዕሱ ሌላ መልክ ያዘ። በ2012 ዓ.ም በረመዳን መጀመሪያ፣ በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢምራን ካን ፍላጎት፣ የመንግሥት ቴሌቪዥኑ ወደ ኡርዱ መልሶ «ኤርቱግሩል ጋዚ» ሲል አስተላለፈው። «መነሣት» የሚለው ቀርቶ «ጋዚ»፣ ማለትም ስለ ሃይማኖቱ የሚዘምት ተዋጊ፣ ገባበት። ለቱርኩ ተመልካች የአገር መነሣት የነበረው፣ ለፓኪስታኑ የእምነት ጀግና ታሪክ ሆነ። በዓረቡ ዓለም ደግሞ ፖለቲካው ተከተለው። ኤም.ቢ.ሲ. በ2010 ዓ.ም የቱርክ ድራማዎችን ማሳየት አቆመ። የግብፁ ዳር አል ኢፍታም በ2012 ዓ.ም ይህንኑ ድራማ ጭምር ጠቅሶ፣ ቱርክ ተጽዕኖዋን የምታስፋፋበት መሣሪያ ነው ሲል አስጠነቀቀ።

በእኛስ አገር? በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ድራማ በአማርኛ አናግሮ ሳሎናችን ሲያስገባው ርዕስ መቀየርንም አስለምዶናል። «ጥቁር ፍቅር» ብለን ያየነው ድራማ በቱርክኛ ስሙ ውስጥ «ገንዘብ» የሚልም ነበረበት። አማርኛው ገንዘቡን ትቶ ፍቅሩን አስቀረ። የፍቅር ድራማ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። የጦርነት ታሪክ ላይ ግን ስም ማውጣት ወገን መምረጥም ነው። የኤርቱግሩል ዘሮች ያቆሙት መንግሥት በ1557 እ.ኤ.አ. ምፅዋን ይዟል። ያንን ዘመቻ ኢስታንቡል ላይ ተቀምጦ የሚተርክና ትግራይ ወይም ጎንደር ላይ ተቀምጦ የሚተርክ ሰው አንድ ርዕስ አይሰጡትም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። በማግሥቱ ልጁን ይዤ በሚኒባስ ወደ አምባሰል ወረዳ፣ ውጫሌ ሄድኩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣሊያን እርዳታ ቢፈልጉ ይችላሉ የሚል ነበር። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ጣሊያኖቹ የቦታውን ስም እንኳ «ኡቻሊ» ብለው ነው የጻፉት። የዚያ አንቀጽ ጠብ መጨረሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ሆነ።

ልጁ ዙሪያውን ተራራውን እያየ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «አጎቴ፣ ታዲያ ይሄ ፊልም የለውም?» አለኝ።

«ባለ 150 ክፍል ሲታይ አላየሁም» አልኩት።

የሚሠራበት ታሪክ ግን ሞልቷል። ኤርቱግሩል በኖረበት በዚያው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ያስተምሩ ነበር። ትውፊቱ በ1270 እ.ኤ.አ. የነገሠውን ይኩኖ አምላክን ከተማሪዎቻቸው ይቆጥረዋል። ልጁ ግን ከአክስቴ ቤት በእግሩ ሊደርስበት ስለሚችለው ገዳም ከሚያውቀው ይልቅ የኤርቱግሩልን ባልደረቦች በስም ያውቃል። በልጁ አልፈርድም፤ ያሳዩትን ነው ያየው።

ሌላም ጦርነት አለ፣ ይህ ልጅ በፊልም ያላየው። በ2014 ዓ.ም ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሐይቅም ውጫሌም ገብቶ ነበር። ልጁ ያኔ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። አክስቴ እሱን አቅፋ በር ዘግታ ከረመች። ያ ጦርነት በ2013 ዓ.ም ሲጀመር መንግሥት «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» አለው። የውጭ ሚዲያው «የትግራይ ጦርነት»፣ ኋላ ላይ እኛም «የሰሜኑ ጦርነት» አልነው። አክስቴ ግን ከእነዚህ አንዱንም ስትል ሰምቻት አላውቅም። እሷ የምትለው «ያ ጊዜ» ነው። «ይሄ ስኒ ከያ ጊዜ የተረፈ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ያ ጊዜ ድራማ መሆኑ አይቀርም። ያኔ ርዕሱን የሚያወጣለት ማን ይሆን? አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ? መቀሌ ያለው? ወይስ ገንዘቡን ያመጣው የውጭ ኩባንያ? ሦስቱም ሦስት ስም ያወጡለታል፣ እያንዳንዱም የራሱን ሟች አስቀድሞ ይቆጥራል። በር ዘግታ የከረመችዋ ሴት በየትኛው ርዕስ ሥር እንደምትገኝ ያሳስበኛል።

ከሐይቅ ልነሣ ባለሁበት ምሽት ይህንኑ ለአክስቴ አነሣሁባት። «የያ ጊዜን ፊልም ቢሠሩት ምን ብለው ይሰይሙት?» አልኳት።

ጀበናውን አጋድማ ስኒዎቹን እስክትሞላ አልመለሰችልኝም።

«እሱን ያዩት ይሰይሙት። ብቻ ቂያማ እንዳይሉት» አለች። «አብሽር ልጄ፣ ከቂያማ በኋላ ቡና አይፈላም። እኛ ይኸው አፍልተናል።»

ከዚያም ሦስተኛውን፣ በረካውን፣ መጀመሪያ ለጎረቤቷ ሰጠች።