ከቤዲ እስከ ራሺድ ካን፦ የክሪኬት ኳስ አሿሪዎች

እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ ባዘጋጀችው የመጀመሪያው የክሪኬት የዓለም ዋንጫ፣ ሕንዳዊው ቢሻን ሲንግ ቤዲ ሊድስ ላይ ለምሥራቅ አፍሪካ ቡድን 72 ኳስ ወረወረ። የተቆጠረበት 6 ነጥብ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ መቺ ኳሷን መሬት ሳትነካ ከሜዳው ወሰን ውጭ ካሳረፋት ያንኑ 6 ነጥብ በአንድ ምት ያገኛል። ታዲያ ቤዲ ከዛሬዎቹ ወርዋሪዎች ሁሉ ይበልጣል?

ፍርድ ከመስጠት በፊት ጨዋታውን እንወቅ። በአንድ ቀን በሚያልቀው ዓለም አቀፍ ክሪኬት ለእያንዳንዱ ቡድን 300 ኳስ ይወረወርለታል፤ ስድስት ስድስት ሆነው በ50 ኦቨር ይመደባሉ። ዛሬ አንድ ወርዋሪ ከ10 ኦቨር በላይ አይፈቀድለትም። መቺውን ከጨዋታ ሲያስወጣ ዊኬት አገኘ ይባላል። ፈጣኖቹ ወርዋሪዎች በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ያስጨንቃሉ። አሿሪው ግን ኳሷን እንደ እንዝርት አዙሮ ቀስ ብሎ ይለቃታል፤ መሬት ስትነካ መቺው ካሰበው አቅጣጫ ትታጠፋለች። በጣቱ የሚያሾረው ኳሷን የፈለገበት ቦታ ለማሳረፍ ይቀለዋል። በእጅ አንጓው የሚያሾረው ይበልጥ ያጥፋታል፤ ካመለጠችው ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ቤዲ በጣቶቹ የሚያሾር የግራ እጅ ጥበበኛ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ውድድር የአገሩ ልጅ ሱኒል ጋቫስካር እንግሊዝን ገጥሞ 60ውን ኦቨር ሙሉ (ያኔ ቁጥሩ ይኸው ነበር) ቆሞ ያስቆጠረው 36 ነጥብ ብቻ ነው። የዘመኑ መቺ ዊኬቱን ላለማጣት ይጠነቀቅ ነበር። ጠንቃቃን መቺ መግታትና 300 ነጥብን እንደ ተራ ነገር የሚቆጥር ቡድንን መግታት ለየቅል ናቸው።

በ1980ዎቹ የአንጓ አሿሪ ለአንድ ቀን ክሪኬት አይሆንም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ፓኪስታናዊው አብዱል ቃዲር በ104 ግጥሚያ 132 ዊኬት ሰብስቦ መለሰላቸው። አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ደግሞ በ1999 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ደቡብ አፍሪካ አንድም ዊኬት ሳታጣ 48 ነጥብ ላይ ሳለች ገብቶ ጨዋታውን ገለበጠው። በዚያ ቀን አራት፣ በፍጻሜው ከፓኪስታን ሌላ አራት ዊኬት ወሰደ። በሁለቱም የግጥሚያው ኮከብ እሱ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ፉክክር ግን በአንድ የጣትና በአንድ የአንጓ ጥበበኛ መካከል ነው። ፓኪስታናዊው ሳቅለይን ሙሽታቅ 100ኛ ዊኬቱን ያገኘው በ53ኛ ግጥሚያው ነው፤ ክብረ ወሰኑን እስከ 2016 የነካው አልነበረም። ወደ ውስጥ የምትታጠፍ መስላ ወደ ውጭ የምትሸሸውን «ዱስራ» የተባለች ኳስ ያስፋፋውም እሱ ነው፤ ያውም መቺዎች ሁሉን ለመምታት በሚጣደፉባቸው የመጨረሻ ኦቨሮች ይወረውራት ነበር። ስሪላንካዊው ሙቲያ ሙራሊታራን በ350 ግጥሚያ 534 ዊኬት አለው። እስካሁን የሚስተካከለው የለም። በአንድ ኦቨር በአማካይ የተቆጠረበት 4 ነጥብ እንኳ አይሞላም።

ከ2011 መጨረሻ ወዲህ ሕጉ በአሿሪዎች ላይ ከበደ። ቀድሞ ኳሷ ስታረጅ ቆዳዋ ይሻክር፣ ጣት ትይዝ፣ መሬት ትቧጥጥ ነበር፤ ጥንካሬዋ ስለሚቀንስም ርቃ አትሄድም ነበር። ሁለት አዲስ ኳሶች፣ ከየአቅጣጫው አንድ አንድ፣ እንዲወረወሩ ሲወሰን እያንዳንዷ 25 ኦቨር ብቻ ታገለግል ጀመር፤ ማለትም ሳታረጅ ጨዋታው ያልቅ ነበር። በ2012 ደግሞ በአብዛኛው የጨዋታ ክፍል ሜዳው ላይ ከተሰመረው ክብ ውጭ የሚቆሙ ተከላካዮች ከአምስት ወደ አራት ተቀነሱ። ክንድ ከ15 ዲግሪ በላይ እንዳይዘረጋ የሚደነግገው ሕግ ከ2014 ጀምሮ ሲጠብቅ ዱስራም ከሜዳ እየጠፋች ሄደች።

አፍጋናዊው ራሺድ ካን የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ19 ዓመቱ፣ በ44ኛ ግጥሚያው 100ኛ ዊኬቱን አገኘ፤ በኦቨር የሚቆጠርበትም ከ4 ነጥብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህን በሁለት ኳስ ዘመን ማድረጉ ያስደንቀኛል። ከዊኬቶቹ ብዙዎቹ ከአየርላንድና ከዚምባብዌ የተገኙ መሆናቸውን ግን ማለፍ አይገባም። ሙራሊ 18 ዓመት ሙሉ ሕንድንም፣ አውስትራሊያንም፣ ፓኪስታንንም ደጋግሞ ገጥሟል። ስለዚህ ሚዛኔ ወደ ሙራሊ ያደላል፤ ከአዲሶቹ ደግሞ ራሺድን የሚቀድም አይታየኝም።

በ2025 አጋማሽ ሕጉ እንደገና ተሻሻለ። ሁለቱ ኳሶች የሚያገለግሉት እስከ 34ኛው ኦቨር ነው፤ ከዚያ ወርዋሪው ቡድን አንዷን መርጦ በእሷ ይጨርሳል። የተመረጠችው ኳስ በጨዋታው መጨረሻ 33 ኦቨር ያገለገለች ትሆናለች፤ ለአሿሪ ጣት የምትመች ሻካራ ኳስ ከ14 ዓመት በኋላ ተመለሰች ማለት ነው።