«ምን ልታዘዝ» መቼ ይመለሳል?

ባለፈው ክረምት ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ወደ ከላላ ወጥተን ነበር። አንድ ምሽት ዝናቡ ሲያካፋ ብርዱን ለመሸሽ ከአንድ ሻይ ቤት ገባን። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የእግር ኳስ ጨዋታ ያሳይ ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ መብራቱ ድርግም አለ። የቤቱ እመቤት ሻማ ለመፈለግ ወደ ጓዳ ሲገቡ፥ በጥግ በኩል የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ አቆመው። ወዲያው ስምንት ወይም ዘጠኝ ራሶች በዚያች በመዳፍ በምትያዝ መስታወት ዙሪያ ተሰበሰቡ። እኛም አንገታችንን አሰገግን። የሚታየው «ምን ልታዘዝ» ነበር።

ይህ የቀልድ ድራማ በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረና በ2011 ዓ.ም የቆመ ነው። ታሪኩ የሚያልፈው በአንድ ካፌ ውስጥ ነው። ነገር ግን ካፌው ካፌ ብቻ አለመሆኑ ለማንም ተመልካች የተሰወረ አልነበረም፤ አገሪቱ ራሷ በጠረጴዛና በወንበር ተመስላ ቀርባ ነበር። ሰው በየመሥሪያ ቤቱ በሹክሹክታ የሚለውን ነገር እነዚያ ተዋንያን ጮክ ብለው ሲናገሩት ተመልካቹ መጀመሪያ ይደነግጥ፥ ቀጥሎም ይስቅ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ተማሪዎች ነበርን። የመኝታ ክፍላችን ልጆች ስለ ፈተና ከሚያወሩት ይልቅ ስለዚህ ካፌ የሚያወሩት ይበልጥ እንደ ነበር አንደብቅም።

በከላላው ሻይ ቤት ውስጥ ሰዎቹ ቀልዱን በቃላቸው ያውቁታል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እነሱ ይጨርሱለታል። እመቤቲቱ ሻማውን ይዘው ተመለሱና «እናንተ ልጆች፥ ያንኑ ደግማችሁ ደግማችሁ አይሰለቻችሁም?» ሲሉ፥ አንደኛው «እትዬ፥ አዲሱን የሚያሳየን አጥተን እኮ ነው» አላቸው። ይህ ወጣት በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ወደ እኛም ዞር ብሎ «አንተ መቼም ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ። የሚወስደው ጣቢያ ጠፋ እንዴ? ለምን አትጠይቅልንም?» አለን።

የምንመልሰው አጣን። ነገር ግን ጥያቄው እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ ወጣቱ ድራማን እንደ ተከራይ፥ ጣቢያን እንደ ቤት ቈጥሮታልና። ከአንዱ ቤት የወጣ ተከራይ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላው ይገባል። ድራማስ?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የጠየቀ ከላላ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ በ1966 (የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ስለ ጠፈር ተጓዦች የሚያወሳ «ስታር ትሬክ» የሚባል ድራማ ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ሊያቆመው ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፥ ቢጆ ትሪምብል የተባለች ሴትና ባለቤቷ ተመልካቹ ሁሉ ደብዳቤ እንዲጽፍ ቀሰቀሱ። ደብዳቤው እንደ ጎርፍ ወረደ። በ1968 ጣቢያው ድራማው እንደሚቀጥል በራሱ ማሠራጫ እስከ ማስታወቅ ደረሰ። ይሁን እንጂ ሰዓቱን ወጣቱ ሁሉ ለመዝናናት ከቤት ወደሚወጣበት ወደ ዓርብ ምሽት ወሰደውና፥ በ1969 ሰባ ዘጠነኛው ክፍል ከታየ በኋላ ዘጋው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። በየከተማው ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ያንኑ 79 ክፍል ገዝተው እየደጋገሙ ሲያሳዩት፥ በሕይወቱ ሳለ ያላገኘውን ዝና ከሞተ በኋላ አገኘ። በ1979 ፊልም ሆነ፤ በ1987 በአዲስ ተዋንያን አዲስ ድራማ ሆኖ ተመለሰ።

ሌላው ታሪክ ደግሞ ያስቃል። በ2007 ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ «ጄሪኮ» የሚባለውን ድራማ ሲያቆም፥ ወዳጆቹ ከድራማው አንዲት ቃል መዝዘው ከሃያ ቶን የሚበልጥ ለውዝ ወደ ጣቢያው ቢሮ ላኩ። ሹማምንቱ በለውዝ ተከበው ሰባት ተጨማሪ ክፍሎች ፈቀዱ። ይህን ለሻይ ቤቱ ሰዎች ብንነግራቸው «እኛ ቆሎ እንልካለን» አሉ። የቆሎው ብዛት አያሳስብም፤ የመኪናው ኪራይ ግን የሚቻል አይመስለንም።

እኛም አገር ቢሆን ደብዳቤ ጸሐፊ አድማጭ ነበረን። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ራዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ ነበር። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ለማስተማር ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፥ 257 ክፍል ነበረው። በዚያ ዘመን በእነዚህ ደጋዎች ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቈጠር ስለ ነበር፥ ጎረቤት በአንድ ራዲዮ ዙሪያ ቡናውን ይዞ ይሰበሰብ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያጫውቱናል። ለዚያ ድራማ አዘጋጆች ከአሥራ አምስት ሺህ የሚበልጥ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። የገጠሩ አድማጭ ብዕርና ወረቀት ፈልጎ፥ ቴምብር ገዝቶ፥ ፖስታ ቤት ድረስ ተጕዞ ሐሳቡን መስጠቱ ነው። የዛሬው ወዳጅ በስልኩ ላይ አውራ ጣቱን ሰድሮ ያልፋል። ሁለቱ ፍቅር እኩል ነው ለማለት ያስቸግረናል።

እዚህ ላይ በከላላ ያየነውን ሌላ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በገበያው መንገድ ዳር ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ የሚጭን አንድ ሱቅ አለ። የቆሙት ድራማዎች ሁሉ የሚኖሩት እዚያ ነው። ገበሬው በገበያ ቀን መጥቶ ስልኩን ይሰጣል፤ ጥቂት ብር ከፍሎ ድራማውን ተሸክሞ ወደ ቀበሌው ይመለሳል። እንግዲህ «ቤት አጣ» የተባለው ድራማ ስፍር ቍጥር የሌለው ቤት አለው ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ብር ውስጥ ለደራሲው የሚደርሰው ምንም የለም፤ ለተዋናዩም የለም። አዲስ ክፍል እንዲሠራ የሚመኘው ሰው አሮጌውን የሚገዛው ሠሪዎቹ ከማያገኙት ገበያ ነው። ለባለ ሱቁ ይህን ብንነግረው «ጋሼ፥ እኔ ባልጭንላቸው ከየት ያዩታል?» ብሎ መለሰልን። እውነቱን ነው። እኛም ብንሆን ያን ምሽት ሳቃችንን በነጻ ነው የሳቅነው።

ድራማ ሲቆም የሚበተነው ሰው ነው። ተዋናዩ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ደራሲው ሐሳቡን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ዕድሜም አይጠብቅም። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የተጫወተበት «ሰው ለሰው» ካለቀ በኋላ ብዙ ሰው ይቀጥላል እያለ ይጠብቅ ነበር። ደራሲው መስፍን ጌታቸው ያንኑ በመቀጠል ፈንታ «ዘመን» የሚል ሌላ ድራማ ይዞ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም ደግሞ በሞት ተለየን። ስለዚህ የአንድ ድራማ ወዳጆች ሊጠይቁ የሚገባቸው «ማን ጣቢያ ይወስደዋል?» ብቻ ሳይሆን «ሠሪዎቹ ገና በአንድነት አሉን? ይፈልጋሉን?» ብለው ነው እንላለን። ጣቢያ ቢገኝና ያ የካፌው ሰው ባይኖር ምን ይረባል? የወንበሩ ቀለም አይደለም ያሳቀን።

በማግሥቱ ከሒሳብ ሠራተኛው ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። የማታዎቹም ወጣቶች መጥተው ነበር። ለካ ሌሊቱን ሲመክሩ አድረዋል፤ አቦሉ ሳይቀዳ አንድ ወረቀት ተዘርግቶ ደብዳቤ መጻፍ ተጀመረ። አንዱ መምህር ስለ ሆነ ጽሕፈቱ ለእሱ ተሰጠ። «ለተከበራችሁ» የሚለው ላይ ብቻ ቶናው አለቀ፤ ለጣቢያ ይሁን ለደራሲ፥ ለስፖንሰር ይሁን ለተዋንያን ሊስማሙ አልቻሉም። አንዱ «ለሁሉም እንጻፍ» አለ፤ ሌላው «ለሁሉም የተጻፈ ለማንም አይደርስም» ብሎ ተከራከረ። በረካው ሲጠጣ የደብዳቤው ሆድ ዕቃ ተጽፎ አለቀ፤ ዐሥራ አንድ ሰው ፈረመበት፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ የሻይ ቤቱ እመቤት ናቸው።

ደብዳቤውን አዲስ አበባ አድርስልን ብለው ሰጡን። አሁን በመሳቢያችን ውስጥ ነው። ፖስታው ታሽጓል፤ ፊቱ ላይ ግን የተቀባዩ ስም የሚጻፍበት ቦታ ገና ባዶ ነው።