ውሃ ላይ እየኖሩ ውሃ መቅዳት፦ የእንግሊዝ የቦይ ጀልባ ኑሮ፣ ተረትና እውነታ

ለንደን ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በካሌዶኒያን ጎዳና የሚሄድ ሰው መሐል ላይ ድልድይ ይሻገራል፤ ድልድይ መሆኑን ብዙዎች ልብ አይሉትም። ከሥሩ በ1820 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው የሬጀንትስ ቦይ ያልፋል። ዳር ዳሩን ረጃጅም ቀጫጭን የብረት ጀልባዎች ታስረዋል። ጣሪያቸው ላይ የከሰል ከረጢት፣ ብስክሌት፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ አንዳንዴም የአበባ ተክል ይታያል። ሰው ይኖርባቸዋል።

ቆም ብሎ የሚያያቸው መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይቀናል፦ አከራይ የለ፣ ኪራይ የለ፣ ሲያሻው ገመዱን ፈትቶ ይሄዳል። ሌላው ከንፈሩን ይመጥጣል፦ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጠባብ ብረት ውስጥ እንዴት ይኖራሉ? ሁለቱም ተሳስተዋል። እኔ ግን ይበልጥ የምሰጋው ለሚቀናው ነው፤ ገንዘቡን አውጥቶ ጀልባ የሚገዛው እሱ ነውና።

«ርካሽ ቤት ነው»

ዋጋው ከለንደን ቤት ጋር ሲተያይ ያስጎመጃል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ያገለገለ ደህና ጀልባ በአስር ሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ይገኛል፤ በትእዛዝ የሚሠራ አዲስ ጀልባ ግን ከ100,000 ፓውንድ ሊያልፍ ይችላል። ስህተቱ የሚጀምረው ጀልባን በቤት ዓይን ሲያዩት ነው። ጀልባ መሬት የለውም፤ ተራ የቤት ብድር አይሰጥበትም፤ እንደ መኪና በየዓመቱ ያረጃል። ከሥሩ ደግሞ ዝገት አለ።

ዝገቱን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ ጀልባዎች የሥረኛው ብረታቸው 10፣ የጎናቸው 6፣ የላይኛው ክፍላቸው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ውሃ ውስጥ ያለው አካል በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ፣ ታጥቦና ተፍቆ፣ ዝገት የሚከላከል ጥቁር ቀለም ይቀባል። ዝገቱ እነሱን እየበላ ጀልባውን እንዲተው የማግኒዥየም ቁርጥራጮች ጎኑ ላይ ይበየዳሉ፤ ሲያልቁም ይተካሉ። ይህን ችላ ያለ ባለቤት አንድ ቀን መርማሪው በመለኪያው ብረቱን ይለካና «እዚህ ጋ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም» ይለዋል። ያን ጊዜ አብዛኛው ኢንሹራንስ ሌላ ብረት ካልተደረበበት አልሸፍንም ነው የሚለው። የመደረቡ ሥራ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይፈጃል። ለዚህ ነው ጀልባ ሲገዙ ከውሃ አስወጥቶ ሳያስመረምሩ ገንዘብ መክፈል የዋህነት የሚሆነው፤ ያማረ ቀለምና አዲስ መጋረጃ ከውሃው በታች ስላለው ነገር ምንም አይናገርም።

ዓመታዊው ወጪ ከዚያ ይቀጥላል። በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይና ወንዝ የሚያስተዳድረው፣ በ2012 ቀድሞ ያስተዳድር የነበረውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተካው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ፈቃድ የሚሰጠውም እሱ ነው፤ ለመካከለኛ ጀልባ ክፍያው በዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ይሆናል። ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። የደኅንነት ምርመራው የምስክር ወረቀት በየ4 ዓመቱ ይታደሳል። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የፈለገ ሰው ለብቻው ይከፍላል፤ ለንደን ውስጥ ይህ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ማለት ነው። ናፍጣው፣ ጋዙ፣ ከሰሉ፣ የሚሞተው ባትሪ ገና አልተቆጠረም። ሞያ ያለውና እጁን የማይሰስት ሰው ከተከራይ ያነሰ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ብሎን ሠራተኛ የሚጠራ ግን ብዙም አያተርፍም።

«ሕግ አይነካቸውም፤ ደስ ያላቸው ቦታ ያድራሉ»

ፈቃድ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ጀልባው በማይጓዝበት ጊዜ የሚቀመጥበት ቋሚ ቦታ እንዳለው ማሳየት፣ ወይ ያለማቋረጥ መጓዝ። ሁለተኛውን የፈቀደው የ1995ቱ የብሪታኒያ የውሃ መንገዶች ሕግ ሲሆን፣ ጀልባው አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ ሳይቆም፣ በፈቃዱ ዘመን ሁሉ በእውነት ለጉዞ እንዲውል ያዛል። ምልክቱ ከ14 ቀን ያነሰ ጊዜ በሚያሳይበት ቦታ ደግሞ ያ ያነሰው ይጸናል።

ሕጉ ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ በቁጥር አልተናገረም፤ ጭቅጭቁም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ድልድይ አልፎ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ፣ «ተንቀሳቅሻለሁ» ማለት አያዋጣም። የድርጅቱ መመሪያ በፈቃዱ ዘመን ውስጥ ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር ባነሰ ክልል የተመላለሰ ሰው ሕጉን አሟልቷል ለማለት እንደሚያስቸግር ይገልጻል። ተቆጣጣሪዎች በቦዩ ዳር እየተዘዋወሩ የጀልባዎቹን ቁጥር ይመዘግባሉ። የጀልበኛው ቤት በየሁለት ሳምንቱ አድራሻ ይቀይራል፤ የልጁ ትምህርት ቤትና የራሱ መሥሪያ ቤት ግን ባሉበት ናቸው። ልጅ ላላቸው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ኑሮውን የሚተዉትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቋሚ ቦታ የሌላቸው ጀልባዎች በፈቃዳቸው ላይ ተጨማሪ ክፍያ ተጥሎባቸዋል። ብዙ ጀልበኞች ፍትሐዊ አይደለም ብለው ተቃውመውታል።

ተዘዋዋሪዎቹ ለአካባቢ አስተዳደር የሚከፈለውን የቤት ግብር አይከፍሉም የሚባለው እውነት ነው። ለመኖሪያ የተፈቀደ ቋሚ ማሰሪያ ያለው ግን ሊከፍል ይችላል። «ማሰሪያ አለኝ» ማለትም ሁልጊዜ «እኖርበታለሁ» ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ማሰሪያዎች ለመዝናኛ ብቻ የተፈቀዱ ናቸው።

«ውሃ ላይ ናቸው፤ ውሃ አይቸግራቸውም»

የቦዩ ውሃ አይጠጣም። የመጠጡም የመታጠቢያውም ውሃ ጀልባው ውስጥ ካለ ታንከር ነው የሚመጣው፤ ታንከሩ በአብዛኛው ከ300 እስከ 600 ሊትር ይይዛል። እንግሊዝ አገር ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በአማካይ በቀን 140 ሊትር ገደማ ይጠቀማል፤ በዚህ ልማድ ሁለት ሰዎች 500 ሊትሩን ሁለት ቀን አያቆዩትም። ጀልበኞች ግን ሳምንትና ከዚያ በላይ ያደርሱታል። ሰውነታቸውን ሳሙና ሲቀቡ ውሃውን ይዘጋሉ፤ ዕቃ በሳፋ ያጥባሉ። አዲስ አበባ በፈረቃ ውሃ ያደገ ሰው ይህን ለመልመድ አሠልጣኝ አይፈልግም። ሲያልቅ ጀልባውን አስነስቶ፣ ቦዩ ዳር ወዳለው ቧንቧ ሄዶ፣ ጎማ ዘርግቶ መቅዳት ነው። ከፊት ሦስት ጀልባ ተሰልፎ ከሆነም ተራ መጠበቅ።

ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፤ በልቡ ግን ወደ ቦዩ ይለቃሉ ብሎ ያስባል። መልቀቅ ክልክል ነው። አንዳንዱ ጀልባ ትልቅ ማጠራቀሚያ አለው፣ በክፍያ በፓምፕ ይመጠጣል። በርካቶች ደግሞ 20 ሊትር የምትሆን ተንቀሳቃሽ ሣጥን ይጠቀማሉ፤ ሁለት ሰው በጥቂት ቀን ይሞላታል፣ ባለቤቱም በእጁ ይዞ ወደ ተዘጋጀው ማስወገጃ ይሄዳል። ወደ ቦዩ የሚፈሰው የዕቃ ማጠቢያና የሻወር ውሃ ነው፤ እሱን የሚከለክል የለም። ለዚህም ነው ጠንቃቃዎቹ የሚገዙትን ሳሙና የሚመርጡት።

መብራቱ ከባትሪ ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው ሞተሩና የፀሐይ ሰሌዳው። በሙቀቱ ወራት ሰሌዳው ብቻውን ይበቃል፤ በታኅሣሥ የለንደን ፀሐይ ግን ስም ብቻ ስለሆነች ሞተር ማስነሳት ግድ ይላል። ያም ቢሆን ጀልባው በታሰረበት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተር ማንኳኳት አይፈቀድም፤ ጎረቤት ተኝቷል። ስልክ፣ አምፖል፣ ኮምፒውተር ችግር የለባቸውም። ችግሩ የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ነው። አገር ቤት የምናውቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ያን ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ከ250 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። እንጀራውን ከካሌዶኒያን ጎዳና መግዛት ይሻላል።

«ቦዩ ጥልቅ ነው፤ ጀልባው ይገለበጣል»

አብዛኛው ቦይ ጥልቀቱ ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ማዕበል የለም፤ የፍጥነት ገደቡም በሰዓት 4 ማይል ስለሆነ ዳር ዳሩን በፍጥነት የሚራመድ ሰው ይቀድመዋል። አደጋው ያለው ሎክ በሚባለው ቦታ ነው።

ሎክ ጀልባን ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ በሁለቱም ጫፍ ከባድ በር ያለው የድንጋይ ወይም የጡብ ክፍል ነው። ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በእጅ በሚዞር ብረት የውሃው መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ ይሞላል ወይም ይጎድላል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ሠራተኛ የለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለጀልባው ራሱ ነው የሚያዞረው፣ በሩንም በጀርባው ገፍቶ የሚከፍተው። የጠባቦቹ ሎኮች ስፋት 2.13 ሜትር ገደማ ነው፤ ጀልባዎቹ 2.08 ሜትር ሆነው የሚሠሩት ለዚሁ ነው። በላይኛው በር ሥር ወደ ክፍሉ የሚዘልቅ የድንጋይ ደፍ አለ። ውሃው ሲጎድል የጀልባው ኋላ በዚያ ደፍ ላይ ከተቀመጠ አፍንጫው እየወረደ ኋላው ይንጠለጠላል፤ ውሃውን ወዲያው የሚዘጋ ከሌለ ጀልባው በደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥማል። ግድግዳው ላይ የተቀባው ነጭ መስመር ከዚህ አትለፍ የሚል ነው። ዴቫይዘስ ከተማ አጠገብ ባለው በኬን ሂል 29 ሎኮች ተከታትለው ጀልባን 72 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋሉ፤ ከታች እስከ ላይ መውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ጠባብ ሎክ በተሞላ ቁጥር ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ድርቅ ሲመጣ መንገዱ ይዘጋል፤ በ2025 የሊድስና ሊቨርፑል ቦይ ሰፊ ክፍል ተዘግቶ ነበር።

«የጥንቶቹ የነፃነት ኑሮ ነው»

በጀልባዎቹ ላይ የሚሣለው ጽጌረዳና ግንብ ዓይን ይስባል፤ ታሪኩ ግን የድካም ታሪክ ነው። በ1761 የተከፈተው የብሪጅዎተር ቦይ ከዎርስሊ ማዕድን ወደ ማንቸስተር የሚገባውን ከሰል ዋጋ በግማሽ አወረደ፤ ቦይ መቆፈር ወረት የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ባቡር መጥቶ የጭነቱን ክፍያ ሲያወርደው ጀልበኛው ሠራተኛ መቅጠር አቃተው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጀልባው ላይ አወጣ። የቤተሰቡ መኖሪያ ከኋላ ያለች ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ክፍል ነበረች፤ የቀረው ቦታ የጭነት ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት አልገቡም። ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡና የሚያድርባቸው ሰው ቁጥር እንዲወሰን ያደረገው የ1877ቱ ሕግ የመጣው ያን ጉስቁልና አይቶ ነው። የንግድ ጭነቱን ትርፍራፊ በአብዛኛው ያጠፋው ደግሞ የ1962-63ቱ ብርድ ሆነ፤ ቦዮቹ ለወራት በረዶ ሆኑ።

«በብርዱ ወራት ይቀዘቅዛል»

ከአንዳንድ የለንደን አፓርታማ ይልቅ ይሞቃል። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ምድጃው ከሰልና እንጨት ይበላል፤ ጠዋት በር ከፍቶ የሚያስተነፍስ ጀልበኛ ብርቅ አይደለም። የሚያማርረው እርጥበቱ ነው፦ ትንፋሽና የማብሰያ እንፋሎት ቀዝቃዛው መስኮት ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ፍራሽ ሥር ሻጋታ ያበቅላል። የሚገድለው ግን ከምድጃና ከሞተር የሚወጣው፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ይህን ጋዝ የሚጠቁም የማንቂያ ደወል ግዴታ ሆኗል። አየር ማስገቢያውን በጨርቅ መድፈን ብርዱን ያስቀር ይመስላል፤ ሰው የሚሞተው እንደዚያ ነው።

«አድራሻ የለህም፤ ሐኪም አያይህም»

እንግሊዝ ውስጥ በአካባቢ ሐኪም ዘንድ ለመመዝገብ የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም። አንዳንድ የክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ይህን ሳያውቅ ሊመልስ ይችላል፤ ተከራክሮ መመዝገብ መብት ነው። ለመምረጥም ከአካባቢው ጋር ያለውን ትስስር የሚገልጽ ቅጽ አለ። ደብዳቤ በዘመድ ቤት ይመጣል። ባንክና ኢንሹራንስ ጋ ግን ማብራራቱ ያሰለቻል። አምቡላንስ ሲያስፈልግ ደግሞ «ቦዩ ዳር ነኝ» ማለት አይረዳም፤ በየድልድዩ ላይ የተለጠፈ ቁጥር አለ፤ የቦዩን ስምና ያን ቁጥር መንገር ነው። ልምድ ያለው ጀልበኛ ማታ ገመዱን ካሰረ በኋላ ሻይ ከመጣዱ በፊት የቅርቡን ድልድይ ቁጥር አይቶ ይገባል።